ገድልና ታሪክ፦ የቅዱሳን ገድላት ምስክርነት እስከ ምን ድረስ ነው?

አቡነ ተክለ ሃይማኖት ያረፉት ነሐሴ 24 ቀን መሆኑን፣ ዐፅማቸውም የፈለሰው ግንቦት 12 ቀን መሆኑን ፊደል ያልቈጠረ የሸዋ ገበሬ እንኳ በቃሉ ያውቀዋል፤ ያረፉበት ዓመት ግን የትኛው ነው ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ፣ መልሱ የሚገኘው በስሌት ብቻ ነው፤ ይኸውም ሊቃውንቱ የነገሥታቱን ዘመን ከደብረ ሊባኖስ አበ ምኔቶች ተራ ጋር አስማምተው 1313 ገደማ ይሆናል ይላሉ። ዕለቱ እንዲህ ጸንቶ ዓመቱ እንዲህ መዋለሉ የጸሐፊው ቸልተኝነት ያመጣው አይደለም። ገድል የተጻፈው ለመታሰቢያ ነው፤ መታሰቢያም በየዓመቱ ተመላልሶ የሚመጣውን ዕለት ይሻል፤ የታሪክ መርማሪው ግን የሚፈልገው ያንኑ አንድ ጊዜ አልፎ የቀረውን ዓመት ነው።

እንግዲህ ገድላት ለታሪክ ምስክር ሊሆኑ ይችላሉን? የሚችሉስ ከሆነ የየትኛው ዘመን ምስክሮች ናቸው? ይህ ነገር የግእዝ መጻሕፍት በአውሮፓ መታተም ከጀመሩ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል፤ ዛሬም አልተቈረጠም። ከዚህ በታች የክርክሩን አመጣጥ፣ የተከራካሪዎቹን አሳብና እያንዳንዱ የሚያቀርበውን ማስረጃ በተቻለ መጠን እናያለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ገድል የሚባለው ምንድን ነው

«ገድል» ከ«ተጋደለ» ጋር የአንድ ሥር ቃል ሲሆን፣ ትርጕሙ ትግል፣ ፍልሚያ ማለት ነው። በመጀመሪያ የተነገረው ለሰማዕታት ነበር፤ ኋላ የስደቱ ዘመን ሲያልፍ፣ በጾምና በስግደት ከሥጋውና ከአጋንንት ጋር የሚታገለው መነኵሴ የሰማዕቱን ስፍራ ስለ ወረሰ፣ ስሙም አብሮ ተላለፈለት። ይሁን እንጂ አንድ የገድል መጽሐፍ በተከፈተ ጊዜ የሚገኘው ገድሉ ብቻ አይደለም። ዜና ሕይወቱ ካበቃ በኋላ ተአምሩ ይቀጥላል፤ ከተአምሩም በኋላ ከራስ ጠጕሩ ጀምሮ እስከ እግሩ ጥፍር ድረስ እያንዳንዱን የአካል ክፍል ሰላም ለከ እያለ የሚያመሰግነው መልክእ ይመጣል። የዚያው ቅዱስ ታሪክ ደግሞ በስንክሳር ውስጥ በአጭሩ ተጠቅልሎ በዕለቱ ይነበባል፤ በፍጻሜውም አርኬ የሚባለው ግጥም ይደረግበታል።

እነዚህን ለይቶ አለማየት የብዙ ስሕተት ምክንያት ሆኗል። ተአምር የተከፈተ መዝገብ ነው፤ ቅዱሱ ካረፈ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም ቢሆን በመቃብሩ አጠገብ የተፈወሰ ሰው ቢገኝ ይጨመርበታል። ስለዚህ አንድ መርማሪ በተአምሩ ውስጥ የተጠቀሰውን ንጉሥ ስም አይቶ ገድሉ በዚያ ንጉሥ ዘመን ተጻፈ ቢል፣ የቤቱን ዕድሜ ኋላ በተቀጠለው ጓዳ እንደ መገመት ይሆንበታል።

ሌላው ሳይለይ ሊታለፍ የማይገባው ኪዳኑ ነው። ቅዱሱ ሊያርፍ በተቃረበ ጊዜ ጌታ ተገልጦለት ቃል ኪዳን ይሰጠዋል፤ ስሙን የጠራ፣ ዝክሩን የዘከረ፣ ገድሉን የጻፈ፣ ያጻፈ፣ ያነበበና የሰማ፣ በበዓሉም ዕለት ለነዳያን ቀዝቃዛ ውኃ እንኳ ያጠጣ እስከዚህና እስከዚህ ትውልድ ድረስ ይማርለታል። የታሪክ ሊቃውንት ይህን ክፍል በሁሉም ዘንድ ተደጋግሞ የሚመጣ ልማደ ቃል ነው ብለው ሲያልፉት ኖረዋል፤ እኔ እንደሚመስለኝ ግን መጽሐፉ ለምን እንደ ተጻፈ፣ ለማን እንደ ተነበበና ገዳሙ ከሕዝቡ ጋር በምን ገመድ እንደ ተሳሰረ ከሌላው ክፍል ሁሉ ይልቅ የሚናገረው ይህ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ገድላትን ከሰማንያ አሐዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ጋር አልደባለቀቻቸውም፤ አዋልድ መጻሕፍት ብላ ለይታ አስቀመጠቻቸው። ይህን ልዩነት ነቃፊውም ተከላካዩም በክርክር ግለት ሲረሱት ይታያል።

ከግብጽ በረሓ እስከ አክሱም

የመነኮሳት ገድል ሁሉ አባት፣ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ አትናቴዎስ፣ አባ እንጦንስ በ356 ካረፈ በኋላ ብዙ ሳይቈይ የጻፈው መጽሐፍ ነው። በቅርብ ጊዜ ውስጥ ወደ ላቲን ተመልሶ ለምዕራቡ ምንኵስና ትልቅ መነሻ ሆነ፤ የኋለኞቹም ገድላት ሁሉ፣ የታወቃቸውም ያልታወቃቸውም፣ መልካቸውን ከእርሱ ወሰዱ። ያው አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን፣ ማለት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ ሾመ፤ ይህንን የመሰለውን ድርሰት የተከለው እጅ ለኢትዮጵያም የመጀመሪያውን ጳጳስ የቀባ እጅ ነው። ገድለ እንጦንስ በአክሱም ዘመን ከጽርዕ ወደ ግእዝ ከተመለሱት መጻሕፍት ጋር ይቈጠራል፤ የአባ ጳኵሚስም ሥርዓት እንዲሁ።

ሁለተኛው የትርጕም ዘመን ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ፣ በተለይም ከ1348 እስከ 1388 በጵጵስና በነበሩት በአባ ሰላማ መተርጕም ጊዜ፣ ከግብጽ ዐረብኛ ብዙ የሰማዕታትና የጻድቃን ዜና ወደ ግእዝ ተመለሰ፤ ስንክሳሩም በዚያው መቶ ዓመት ፍጻሜ ገደማ ተተርጕሞ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት እንደ ገና ሲታደስ የአገራችን ቅዱሳን ስም በብዛት ገባበት። ስለዚህ አንድ ገድል ከውጭ የመጣ በሆነ ጊዜ፣ ከጽርዕ ነው ወይስ ከዐረብኛ ብሎ መጠየቅ የቋንቋ ሊቃውንት ቅንጦት መስሎ መታየት የለበትም፤ በሁለቱ መካከል ስምንት መቶ ዓመት ያህል አለ።

ከተተረጐሙት መካከል የናግራን ሰማዕታት ዜና ለጥያቄያችን ልዩ ጥቅም አለው። የሐመር ንጉሥ ዩሱፍ አስአር በ523 በናግራን ክርስቲያኖች ላይ ያደረሰው ግፍ፣ ንጉሠ አክሱም ዓፄ ካሌብም ባሕር ተሻግረው እርሱን መውጋታቸው፣ በሰማዕቱ በኅሩት ገድል ይተረካል። ይህ ነገር በገድል ብቻ ቢቀር ኖሮ የሚጠራጠር አይጠፋም ነበር። ነገር ግን የቤተ አርሻሙ ጳጳስ ስምዖን በዚያው ወራት በሱርስት የጻፈው ደብዳቤ አለ፤ ከዚያም በላይ፣ የንጉሡ የጦር አለቃ ራሱ በዐረብ ምድር በዐለት ላይ ያስቀረጸው፣ በናግራን ላይ ስለ ተደረገው ዘመቻ የሚናገር የሐመር ጽሕፈት ተገኝቷል። ገዳዩ በዐለት ላይ የተመካበትን የሟቹ ወገን በብራና ላይ አለቀሰበት፤ ሁለቱ ሳይተያዩ አንድ ነገር መሰከሩ። እንዲህ ያለ ዕድል ግን የገጠማቸው ገድላት ጥቂት ናቸው።

ዘጠኙ ቅዱሳንና የዘጠኝ መቶ ዓመት ርቀት

ክርክሩ የሚጠናው ከዘጠኙ ቅዱሳን ላይ ሲደረስ ነው። በ5ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜና በ6ኛው መጀመሪያ ገደማ ወደ አክሱም መጡ ይባላል፤ አባ አረጋዊ፣ አባ ገሪማ፣ አባ ጰንጠሌዎን፣ አባ ሊቃኖስ፣ አባ ይምአታ፣ አባ ጉባ፣ አባ ጽሕማ፣ አባ አፍጼና አባ አሌፍ ናቸው። በእጃችን ያለው ስለ እነርሱ የተጻፈ ግን ከ15ኛው መቶ ዓመት የሚያልፍ አይደለም። ስለ ገሪማ የተደረሰው ድርሳን የአክሱም ጳጳስ የዮሐንስ ነው፤ ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው የኢጣሊያ ሊቅ በ1897 አሳተመው። ገድለ ጰንጠሌዎንንም በ1904 አወጣ፤ ኢግናሲዮ ጉይዲ ደግሞ በ1896 ገድለ አረጋዊን አሳትሞ ነበር። ታሪኩና መጽሐፉ የሚራራቁት እንግዲህ በዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል ነው።

ኮንቲ ሮሲኒ ይህን ርቀት እያወቀ፣ ቅዱሳኑ ከኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ ከስደት ያመለጡ ሶርያውያን ናቸው፤ ወንጌልን ወደ ግእዝ የመለሱትም፣ በግእዝ ውስጥ ያሉትን የአራማይክ ቃላት ያስገቡትም እነርሱ ናቸው የሚለውን አሳብ አቆመ። ይህም አሳብ ለብዙ ዘመን በየትምህርት መጽሐፉ እንደ ተረጋገጠ ነገር ሲጻፍ ኖረ። የሚያስገርመው ግን ገድላቱ ራሳቸው እንዲህ አለማለታቸው ነው፤ ከሮም፣ ከቍስጥንጥንያ፣ ከቂሣርያ፣ ከአንጾኪያም እያሉ ለየአንዳንዱ ልዩ ልዩ አገር ይሰጡታል። ገድልን ለማመን የሰሰተው ሊቅ ገድሉ ያላለውን ለማመን አልሰሰተም። ኋላ ፖሎትስኪ በ1964፣ እነዚያ የአራማይክ ቃላት ከሶርያ መነኮሳት ይልቅ ከአይሁድ ወገን ቀድሞ የገቡ ሊሆኑ እንደሚችሉ አሳየ፤ ማራሲኒም በ1990 የሶርያውያንን ነገር አንድ በአንድ መርምሮ መሠረቱ ደካማ መሆኑን ጻፈ። ዛሬ ብዙዎቹ ሊቃውንት ከማራሲኒ ጋር ይስማማሉ፤ ሆኖም ሶርያዊነታቸው ቢወድቅም እነርሱ ራሳቸው አልወደቁም፤ በስማቸው የተተከሉት ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት በስፍራቸው አሉና።

በዚህ ላይ የአባ ገሪማ ወንጌል ነገር መጣ። ትውፊቱ፣ ቅዱሱ ወንጌሉን በአንድ ቀን ጽፎ ፈጸመ፣ እስኪጨርስም ድረስ ፀሐይ ቆመለት ይላል። በዓድዋ አጠገብ ባለው ገዳም የሚገኙትን ባለ ሥዕል ወንጌላት ቀድሞ ያዩዋቸው የሥነ ጥበብ ሊቃውንት ወደ 11ኛው መቶ ዓመት ገደማ ያወርዷቸው ነበር። ብራናው በራዲዮካርቦን ሲመረመር ግን ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ይህን ይዘው ገድሉ እውነት ሆነ ብለው የጮኹ አሉ፤ ነገሩ ግን ከዚያ ያነሰም የበለጠም ነው። ጸሐፊው ገሪማ መሆኑን ብራናው አይናገርም፤ ስለ ፀሐይዋም ምንም አይልም። የሚናገረው፣ የገዳሙ መነኮሳት መጽሐፋችን ከአክሱም ዘመን ነው ሲሉ የኖሩት በከንቱ እንዳልነበር ነው። በዚህ አንድ ነጥብ ላይ ትውፊቱ ከሊቃውንቱ ግምት በአምስት መቶ ዓመት ያህል ቀርቦ ተገኘ።

የገድለ አረጋዊ ነገር ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ቅዱሱ ወደ ደብረ ዳሞ ዐምባ የወጣው ዘንዶ ተሸክሞት ነው፤ ንጉሡ ገብረ መስቀል ቤተ ክርስቲያኑን ለመሥራት የገደሉን መወጣጫ አሠራ፤ ሥራው ሲፈጸምም ቅዱሱ «ዳሕምሞ»፣ ማለት አፍርሰው፣ ስላለ ስፍራው ዳሞ ተባለ ይላሉ። ዛሬም ወደ ላይ የሚወጣው በጠፍር ገመድ ተስቦ ነው። የስም ትርጓሜው ከስሙ በኋላ የተፈጠረ እንደ ሆነ ለማየት ብዙ ምርምር አያሻም፤ ነገር ግን ተራኪው ያን ገደል በዓይኑ ያየ፣ ያን ገመድም በእጁ የያዘ ሰው እንደ ሆነ ደግሞ አይካድም። ገድል ስለ ስፍራ ሲናገር ስለ ዘመን ከሚናገረው ይልቅ ሊታመን ይገባዋል የሚለው አሳብ ከእንዲህ ያለው ምሳሌ የመጣ ነው።

ስለ ላሊበላ

ስለ ዛጔ ነገሥታት ገድላት ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ እዚህ ባጭሩ ማለፍ ይበቃል። ገድለ ላሊበላን ፔሩሾን በ1892 ከፍሎ አሳተመው፤ የተደረሰው ንጉሡ ካረፈ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ15ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው ይባላል። ሕፃኑን ንብ መክበቡ፣ መላእክት ወደ ሰማይ መውሰዳቸው፣ ሌሊት ሌሊትም ከጠራቢዎቹ ጋር መሥራታቸው በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ንጉሡ በገድል ብቻ የሚታወቅ አይደለም፤ በሐም ደብረ ሊባኖስ በወርቅ ወንጌሉ ላይ የተጻፈ የ1225 የርስት ስጦታ አለ፤ ንግሥቲቱ መስቀል ክብራም ገድል የፈጠራት ሴት አለመሆኗ በዚያው ወንጌል ይታወቃል። የታሪክ ጸሐፊዋ ማሪ ሎር ዴራ እነዚህን የርስት ጽሑፎች ከገድላቱ ለይታ በመጀመሪያ ደረጃ አስቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ ገድላቱን የ15ኛው መቶ ዓመት ሰዎች የተሻረውን ሥርወ መንግሥት እንዴት አድርገው እንዳሰቡት ለማወቅ አነበበቻቸው። አብያተ ክርስቲያናቱ በአንድ ንጉሥ ዘመን ተፈጸሙ ወይስ በብዙ ዘመን ደረጃ በደረጃ ተፈለፈሉ የሚለው የመሬት ቈፋሪዎች ክርክር ግን ገና አልተዘጋም።

ሐይቅ ወይስ ደብረ ሊባኖስ

ከሁሉ ይልቅ ረዥም ጊዜ ልንቆምበት የሚገባን ግን ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ገድላት ፊት ለፊት ተያይተው ሲከራከሩ የምናይበት ስፍራ ነውና። በ1270 መንግሥቱ ከዛጔ ወደ ይኵኖ አምላክ ሲዛወር፣ መካከለኛውና ቃል ኪዳን አስገቢው የቤተ ክርስቲያን አባት ማን ነበር? የሸዋ ትውፊት ተክለ ሃይማኖት ናቸው ይላል፤ ለቤተ ክርስቲያንም የመንግሥቱ ሲሶ የተሰጠው በእርሳቸው ምክንያት ነው ብሎ ያክላል። የሐይቅ ሰዎች ደግሞ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው ይላሉ፤ በገድላቸውም ከይኵኖ አምላክ ጋር ስላደረጉት ቃል ኪዳን ይተርካሉ።

የገድለ ተክለ ሃይማኖት ቅጂዎች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ኮንቲ ሮሲኒ በ1896 ያሳተመው የዋልድባው ቅጂ ጥንታዊ ነው፤ ቅዱሱን ሰባኪና መነኵሴ አድርጎ ያቀርባቸዋል እንጂ ስለ መንግሥት መመለስ ድርሻ አይሰጣቸውም። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተዘጋጀውና በጅ የተባለው ሊቅ በ1906 ከእንግሊዝኛ ትርጕም ጋር ያሳተመው የደብረ ሊባኖሱ ቅጂ እጅግ የሰፋ ነው። ታሪኩ ከቅዱሱ እየራቀ በሄደ ቍጥር እየበዛ መሄዱ፣ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራትን ጨምሮ ብዙዎቹን፣ የመንግሥቱ ነገር ኋላ የተጨመረ ነው ወደሚለው አሳብ መርቷቸዋል። ነገር ግን ሚዛኑ ወደ ሐይቅ አጋደለ ብሎ ለመደሰት የሚቸኵል ሰው፣ ገድለ ኢየሱስ ሞዓም ራሱ የተጻፈው በ15ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ገደማ መሆኑን ማስታወስ አለበት። ሁለቱም ምስክሮች ነገሩ በተደረገበት ቀን አልነበሩም።

ከዚህ ይልቅ ረቂቅ የሆነውና ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው የቆብና የአስኬማ ነገር ነው። ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ በኢየሱስ ሞዓ እጅ እንደ ተማሩና የምንኵስናን ቅናት ከእርሳቸው እንደ ተቀበሉ ሁለቱም ወገን ያምናል። የደብረ ሊባኖስ ወገን ግን እንዲህ ሲል ይቀጥላል፤ ተክለ ሃይማኖት ከዚያ ወደ ደብረ ዳሞ ሄደው ከአባ ዮሐኒ ቆቡንና አስኬማውን ተቀበሉ፤ ሲመለሱም ለመምህራቸው ለኢየሱስ ሞዓ ሰጡ። ደቀ መዝሙሩ በዚህ መንገድ የመምህሩ አባት ሆነ ማለት ነው። የሐይቅ ወገን ይህን አይቀበልም፤ ኢየሱስ ሞዓ ራሳቸው በደብረ ዳሞ ከዮሐኒ እጅ መንኵሰው ነው የመጡት ይላል። ለውጭ ሰው የአንድ ቆብ ነገር ሊመስል ይችላል፤ የሐይቁ አበ ምኔት ዓቃቤ ሰዓት፣ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ እየተባሉ በቤተ መንግሥት ሲቀመጡ ማን ከማን ይቀድማል የሚለው ነገር ግን ከዚህ ቆብ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ገድላቱ በዚህ ላይ የሚሰጡት ምስክርነት እጅግ ጠንካራ ነው፤ የሚመሰክሩት ግን ስለ 13ኛው ሳይሆን ስለ 15ኛውና ስለ 16ኛው መቶ ዓመት ነው።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የቆመ አንድ ምስክር አለ። በሐይቅ እስጢፋኖስ የሚገኘው ወንጌል በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈ ነው፤ በውስጡም የኢየሱስ ሞዓ ሥዕል፣ እርሳቸው ገና በሕይወት ሳሉ የተሣለ፣ ይገኛል። ስለ ቃል ኪዳኑ ነገሩን አይቈርጠውም፤ ኢየሱስ ሞዓ የገድል ፈጠራ ሳይሆኑ መጽሐፍ የሚያጽፍ ሀብትና ክብር የነበራቸው አበ ምኔት መሆናቸውን ግን ያረጋግጣል። ተክለ ሃይማኖት በሕይወታቸው ሳሉ የተጻፈ እንዲህ ያለ ማስረጃ ስለ እርሳቸው አልተገኘም። ቢሆንም የእርሳቸውም ገድል ያለ ምርኵዝ አይደለም፤ እናታቸውን እግዚእ ኀረያን ማረከ የሚባለው የዳሞት ንጉሥ ሞተለሚ፣ ግእዝ በማያነብበው በወላይታ ሕዝብ ትውፊት ውስጥ ሞቶሎሚ ተብሎ ከነገሥታቱ ጋር ይቈጠራል።

ገድል በዜና መዋዕል ላይ ሲመሰክር

እስካሁን ገድልን በተከሳሽ ስፍራ አቁመን ስንመረምር ቈይተናል፤ ነገር ግን ገድል ከሳሽ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ዓፄ ዓምደ ጽዮን በ1332 ወደ ይፋት ስላደረጉት ዘመቻ የተጻፈው ዜና መዋዕል ንጉሡን የጦር መሪና የሃይማኖት ጠባቂ አድርጎ ያሳያል። ገድለ በጸሎተ ሚካኤል፣ ገድለ አኖሬዎስና ገድለ ፊልጶስ ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ፤ ንጉሡ የአባታቸውን ሚስት አግብተዋል ብለው መነኮሳቱ በፊታቸው ቆመው ገሠጿቸው፤ ስለዚህም ተገረፉ፣ ወደ ሩቅ አገርም ተጋዙ። ዜና መዋዕሉ ስለዚህ ነገር ዝም ይላል፤ ዝምታው የሚገርም አይደለም፤ ዜና መዋዕል የሚጻፈው በንጉሡ ቤት ነው፤ ገድል ግን ንጉሡ በጋዙት መነኵሴ ልጆች ቤት። በዝርዝሩ ገድላቱ አይስማሙም፤ አንዳንዱ ስደቱን በዓምደ ጽዮን፣ አንዳንዱ በልጃቸው በሰይፈ አርዕድ ያደርጋል። የስደተኞቹን መንገድ፣ ያደሩበትን አገርና የሹማምንቱን ስም ሲያነሡ ግን፣ ለማስደነቅ ሳይሆን እግረ መንገዳቸውን ነው፤ ታደሰ ታምራትም በ1972 ያሳተሙትን የመካከለኛውን ዘመን ታሪክ አብዛኛውን ክፍል የገነቡት እንዲህ እግረ መንገድ ከተጣሉት ቃላት ነው።

ከዚህ የሚጠነክረው ምሳሌ የደቂቀ እስጢፋኖስ ነው። በዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) እነዚህ መነኮሳት ለማርያምና ለመስቀል አይሰግዱም ተብለው ተወገዙ፣ ተገረፉ፣ ተገደሉ። የንጉሡ ወገን ብቻ ሲነበብ ለብዙ ዘመን የቀረው ታሪክ ይህ ነበር። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የገድላቱን የግእዝ ጽሑፍና ትርጕም ባወጡ ጊዜ ግን የተከሳሾቹ ቃል ተሰማ፤ የጸቡ ሥር ለንጉሥ መስገድን እንቢ ማለታቸው እንደ ነበር እነርሱ ይናገራሉ። በሁለቱ መካከል ለመፍረድ አሁንም አስቸጋሪ ነው፤ ንጉሡም የእምነት መጽሐፍ ጽፈዋል፣ መነኮሳቱም ገድል ጽፈዋል፣ ሁለቱም ወገን ለእግዚአብሔር ቀንቻለሁ ይላል። እኔ በበኩሌ ግርፋቱን በዝርዝር የሚተርከውን ወገን ማመን ይቀናኛል፤ ይህ ግን ዝንባሌ እንጂ ማስረጃ አለመሆኑን አውቃለሁ።

አሁን ያለው ክርክር

በ1905 ደለሃይ የተባለው፣ ቅዱሳንን መመርመር ሥራው ካደረገው ከቦላንድ ማኅበር የነበረ የቤልጅግ ቄስ፣ ገድላትን በማስረጃ ብርታታቸው በየመደቡ የሚለይ መጽሐፍ አወጣ፤ በኋላም ስለ አንድ ቅዱስ ከሁሉ የሚጸኑት ሁለት ነገሮች ናቸው አለ፤ የሚታሰብበት ዕለትና የተቀበረበት ስፍራ። ከነሐሴ 24 ነገር የጀመርነው በዚህ ምክንያት ነው። የአውሮፓ ሊቃውንት የመጀመሪያው ትውልድ በዚህ መንፈስ ተአምሩን ልጦ ጥሎ የታሪኩን ፍሬ ለማውጣት ደከመ። ችግሩ፣ ተአምሩን ልጠው ከጣሉት በኋላ የቀረው ለምን እውነት እንደሚሆን አለማስረዳታቸው ነው፤ የማይደነቅ ነገር ሁሉ እውነተኛ አይደለምና።

ስቲቨን ካፕላን በ1984 ባወጣው መጽሐፍ ሌላ መንገድ ተከተለ። የመካን ወላጆችን ጸሎት፣ ከሕፃንነት ጀምሮ መጾምን፣ የሚመለከውን ዛፍ መቍረጥንና ዘንዶ መግደልን በብዙ ገድላት ተደጋግመው ያገኛቸዋል፤ እነርሱንም መነኵሴው በሕዝብ መካከል የነበረውን ስፍራ ለማሳየት ያውላቸዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። አንድ ነገር ተደጋግሞ ስለ ተጻፈ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ገድለ እንጦንስ ሲነበብለት ያደገ መነኵሴ፣ ዋሻ ሲፈልግ እንደ እንጦንስ ይፈልጋል፣ ሲጾምም እንደ እንጦንስ ይጾማል፤ ስለዚህ ጸሐፊው ከመጽሐፍ ቀዳው ወይስ ባለገድሉ ራሱ በሕይወቱ ቀዳው ብሎ ለመለየት መንገድ የለም። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ 562 ዓመት ኖሩ በተባለበት ስፍራ ነገሩ ግልጥ ነው፤ በጾሙና በዋሻው ስፍራ ግን አይደለም።

የቀረበ ዘመንም ብቻውን መድኅን አይሆንም። ገድለ ወለተ ጴጥሮስን ገላውዴዎስ የጻፈው በ1672፣ እርሷ ካረፈች ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው፤ የሚያውቋት መነኮሳይያት ገና በሕይወት ነበሩና የሰውነቷ ነገር ከብዙ ገድላት ይልቅ ጐልቶ ይታያል። ሆኖም ያ መጽሐፍ በ2015 በእንግሊዝኛ ሲወጣ በጥቂት ቃላት ትርጕም ላይ የተነሣው ብርቱ ሙግት፣ ግእዙን ማን እንደሚያነብና በማን ልማድ እንደሚያነብ የሚለው ጥያቄ ከዘመን ርቀት የማያንስ መሆኑን አሳይቷል።

በቤተ ክርስቲያን ውስጥም ክርክሩ የራሱ መልክ አለው። ገድላትን የሚነቅፉት ተአምራቱን ቈንጽለው ያወጣሉ፤ የሚከላከሉላቸውም እያንዳንዱን ቃል በታሪክ ሊያስረዱ ይነሣሉ፤ ሁለቱም በዚህ የታሪክ መርማሪውን ጥያቄ ወርሰዋል። የቀደሙት መምህራን ገድሉን በበዓሉ ዕለት ቆመው ሲያነቡ የሚጠይቁት ይህ ሆነ ወይ ብለው ብቻ አልነበረም፤ ከዚህ ምን እንማራለን ብለውም ነበር፤ ለዚህም አንድምታ የሚባል የትርጓሜ ልማድ ነበራቸው። በገድላት ላይ ያን ልማድ በሰፊው የሠራበት ሰው አለመኖሩ ይጐዳል።

ከሁሉ የሚበልጠው እንቅፋት ግን የአሳብ ሳይሆን የሥራ ነው። በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን አንሥቷል፤ ከእነዚህም መካከል ገድላቱ እጅግ ብዙዎች ናቸው፤ ቅጂዎቹ ተመሳክረው የታተሙት ግን ጥቂት ናቸው። ብዙ ጊዜ ስለ አንድ ቅዱስ የምንከራከረው በአንድ ቅጂ ላይ ተመሥርተን ነው። ቅጂዎቹን በዘመን ለማሰለፍ ከሚረዱት ምልክቶች አንዱ የተፋቀ ስም ነው። ገድል ያጻፈ ሰው በየምዕራፉ መጨረሻ፣ ጸሎቱና በረከቱ ከእገሌ ጋር ይሁን በሚለው ስፍራ ላይ ስሙን ያስገባል፤ መጽሐፉ በስጦታ ወይም በሽያጭ ወደ ሌላ እጅ ሲያልፍ፣ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም በምላጭ ፍቆ የራሱን ይጽፍበታል። በደብዛዛው ብራና ላይ የፊተኛው ስም አንድ ፊደል፣ አንዳንድ ጊዜም ሙሉው፣ ከአዲሱ ቀለም ሥር ይታያል፤ መርማሪዎች አሁን በልዩ ብርሃን እያነበቡት ነው። ከተነበቡት ስሞች መካከል የአንድ ንጉሥ ወይም የአንድ እጨጌ ስም የተገኘ እንደ ሆነ፣ ዓመቱ ጠፍቶ ለኖረው ገድል ቢያንስ የቅጂው ዘመን ይታወቃል።